የአጥር ማዶ አቮካዶ

ስለ ፍቅር፣ ስለ ፍትሕና ስለ ልግስና እንደኔ የሚቀናው ተናጋሪ ሐዋሳ ውስጥ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ቤታችን የሚሰበሰበው የጸሎት ቡድን ምስክሬ ነው። ባልንጀራን ስለ መውደድ ሳብራራ ሰዎች ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ያዳምጡኛል። ጨዋ ስለሆኑም ሊሆን ይችላል። የተቸገርኩት ባልንጀራው አጥር ሲጋራኝ ነው። ሩቅ ያለ ባልንጀራ ዶሮ የለውም፣ ግድግዳ የለውም፣ ዛፍ አያጠላበትም። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" ያሉት አባቶቻችን ግቢያቸው ውስጥ አቮካዶ የነበራቸው አይመስለኝም።

እኔ አለኝ። አጥሩ ሥር የተከልኩት ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ እየገፋው ወደ እትዬ ዘይነባ ግቢ አዘንብሎ አደገ። እትዬ ዘይነባ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ጎረቤቴ ናቸው። ደህና ደህና ቅርንጫፎቹ ሁሉ እሳቸው ጣሪያ ላይ ናቸው። ፍሬው ሲደርስ ጫፉ ላይ ከረጢት ያሰርኩበትን ሸንበቆ ይዤ አጥሩ ላይ እወጣና አንድም ሳላስቀር አወርዳለሁ። ከዚያ በፌስታል ጥቂት ቋጥሬ በራቸውን አንኳኳለሁ። እሳቸው ይመርቁኛል። እመኑኝ፣ ከዚያ በር ስመለስ ቁመቴ ትንሽ የጨመረ ይመስለኛል።

ዘንድሮ ታዲያ ሰፈራችን ተጣላ። የአቶ ዳንጊሶ ማንጎ ወደ ወይዘሮ አስቴር ግቢ ዘንብሎ ኖሮ፣ አስቴር በእሷ በኩል የተንጠለጠለውን ቀጥፋ በላች። እሳቸው ሌባ አሏት። እሷም ቅጠሉን እየጠረግኩ የኖርኩት እኔ ነኝ አለች። ሰላምታ ተቋረጠ፤ እድር ላይ እንኳ ተራርቀው ይቀመጡ ጀመር። ለሽምግልና ማን ይጠራ? አንደበቱ የቀናው ሰው ነዋ፣ እኔ።

ቅዳሜ ከሰዓት አቶ ዳንጊሶ በር ላይ ወንበር ተደርድሮ ተቀመጥን። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቷል፤ እትዬ ዘይነባም ጥግ ላይ አሉ። ሁለቱንም አዳመጥኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ ዝም አልኩ። ዝምታው ራሱ ያስከብራል። ከዚያ "ቅጠሉን የሚጠርግ ፍሬውን ይብላ" ብዬ ፈረድኩ። ሳልዋሻችሁ፣ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴም ወደድኩት።

አቶ ዳንጊሶ "ሀላሌ ነው" አሉ። ሀላሌ በሲዳምኛ እውነት ማለት ነው። እንደ እሳቸው ያለ ሽማግሌ ሀላሌ ካለ ነገሩ አለቀ፤ ተነሥተው የአስቴርን እጅ ጨበጡ። ሰው ተደሰተ፤ እኔማ ከሁሉ በላይ ተደሰትኩ። ሊቀመጡ ሲሉ ግን ወደ ቤቴ አቅጣጫ ቀና ብለው አዩ።

"ሀላሌ አጥር አይመርጥም እንግዲህ" አሉ ቀስ ብለው። "ያንተም አቮካዶ ማዶ ነው ያለው።"

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እትዬ ዘይነባ ብቻ ሻሻቸውን እያስተካከሉ መሬት መሬቱን ያያሉ። ሳቅኩ። ሳቁ ግን ብዙ አልሄደም።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ የእኔ ዛፍ ጉዳይ የተለየ መሆኑን አስረዳኋት። የዳንጊሶ ማንጎ በራሱ ዘነበለ፣ የእኔን ግን ነፋስ ነው የገፋው፤ ነፋስ ደግሞ የእግዚአብሔር ነው፤ ስለዚህ...

"ሐሙስ ስታስተምር ይህቺን ጨምርባት" አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

በነጋታው እትዬ ዘይነባ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

"ማርቆስ፣ ሸንበቆህን ይዘህ ብትመጣ። የእኔ እጅ አይደርስም።"

የራሴን አቮካዶ ለሰው ላወርድ በእንግድነት ገባሁ። በዚያ በር ከደጃፉ አልፌ አላውቅም ነበር። ጣሪያቸው በወደቀ ፍሬ እዚህም እዚያም ጎድጉዷል። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ የዝናቡ ውሃ ግድግዳውን አበላሽቶታል። ጥግ ላይ የቅጠል ክምር አለ፣ አጠገቡም ያለቀ መጥረጊያ። ከእኔ በኩል ሲታይ ያ ዛፍ ፍሬ ብቻ ነበር የሚሰጠው።

"ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"ዛፍ አይደል፣ ቅጠል ይጥላል። እሱን ብዬ ከጎረቤቴ ልጣላ?"

አፈርኩ። በፌስታል ቋጥሬ ልግስና እያልኩ ስወስድላቸው የኖርኩት ለካ ከራሳቸው ድርሻ ላይ ቆንጥሬ ነው፤ ምርቃቱንም የተቀበልኩት ያለ አንዳች ይሉኝታ ነው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። እኔ ደግሞ ቁናውን ራሴ ሠርቼ፣ አስመርቄ፣ አስጨብጭቤበታለሁ።

ፍሬውን አወረድኩ። አንዱ ቅርንጫፍ ላይ በጣም ያማረ ፍሬ ነበር፤ እሱን ሳወርድ እጄ ትንሽ እንደዘገየ ልደብቃችሁ አልችልም። ስጨርስ እትዬ ዘይነባ ደልደል ደልደል ያሉትን መርጠው ፌስታል ሞሉና ያንን ያማረውን ከላይ አስቀመጡበት።

"እንካ፣ ለልጆቹ።"

ፌስታሉ እኔ ስወስድላቸው ከነበረው ይከብዳል። ምርቃት ፈልጌ አፌ ላይ አጣሁ፤ ያ ሁሉ የሐሙስ ንግግር የት እንደገባ እንጃ። "ይስጥልኝ" ብቻ አልኩ። እሳቸው ምርቃትም ሳይጠብቁ መጥረጊያቸውን አንሥተው ሳወርድ ያረገፍኩትን ቅጠል መጥረግ ጀመሩ።

ከበሩ ላይ ዞሬ አየኋቸው። ቁመታቸው ያው እንደ ወትሮው ነው።