ጋሽ ሰይድ ስንት ልጅ አላቸው?

ሰው ቁጥር ሲሰማ ለምን እንደሚያምን ይገርመኛል። «ብዙ ሰው ነበር» ብትሉት ፊታችሁን እያየ «አጋነናችሁ» ይላል፤ «ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰው ነበር» ብትሉት ግን ራሱን ይነቀንቃል። ማን ቆጠረ? የት ቆሞ ቆጠረ? ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከቁጥሩ ኋላ ነጥብ፣ ከነጥቡ ኋላ ሁለት አኃዝ ከጨመራችሁበትማ አለቀ፤ እንደ መሐላ ይቆጠርላችኋል። እኔም ከነዚህ አማኞች አንዷ ነበርኩ።

ውጫሌ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። የእንቁራሪትን ሆድ ዕቃ ዓይኔን ጨፍኜ እዘረዝርላችኋለሁ፤ ከሂሳብ ጋር ግን ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ተኳርፈናል። ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ብዬ ቅዳሜና እሁድ ደሴ መመላለስ ስጀምር ያ የተኳረፍኩት ሂሳብ ስሙን ለውጦ፣ ስታቲስቲክስ ተብሎ ከፊቴ ቆመ። ደግነቱ፣ አሉን፣ ዛሬ በእጁ የሚያሰላ የለም፤ ሶፍትዌር አለ። መረጃውን በሰንጠረዥ መሙላት፣ አንድ ቦታ መጫን፣ ውጤቱን መቀበል። ነገሩ እንደ ወፍጮ ቤት ነው፤ እህሉን ከላይ ታፈሳላችሁ፣ ዱቄቱ ከታች ይወጣል። ወፍጮው ጠጠርም ቢያፈሱበት ዝም ብሎ እንደሚፈጭ ግን ማንም አልነገረኝም።

የሚያስተምረን ልጅ እግር መምህር ነው፤ ትዕግሥተኛ። አንድ ቅዳሜ ሰሌዳው ፊት ቆሞ፣ መጠይቁ ላይ መልስ ያልሰጠ ሰው ካለ ቦታውን ባዶ እንዳንተወው፣ ዘጠና ዘጠኝ ብለን እንድንሞላው ነገረን። «ከዚያ በኋላ ግን...» ሲል መብራት ድርግም አለ። ኮምፒውተሮቹ ጠፉ፣ እኛም ደብተራችንን ሰብስበን ወደ መናኸሪያ። በሚቀጥለው ቅዳሜ «ግን»ን ሲያብራራ ውሏል አሉ፤ እኔ ግን የባልደረባዬ ሠርግ ላይ ነበርኩ። እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ግማሽ ትምህርት ከመያዝ ምንም አለመያዝ ይሻላል። ምንም ያልያዘ ቢያንስ ይጠይቃል።

ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት የሐይቅ ዓሣ አጥማጆችን ኑሮ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወረቀቴን ይዤ ሐይቁ ዳር ወረድኩ፤ ሥልሳ አባወራዎችን ላነጋግር። ሰዎቹ አላሳፈሩኝም። መረባቸውን እየጠገኑ፣ ቆሮሶውን ከአምባዛው እየለዩ፣ ዕድሜያቸውን፣ በሥራው የቆዩበትን ዘመን፣ በሳምንት ስንት ቀን ዓሣ እንደሚበሉ ነገሩኝ። ችግር የመጣው «ልጅ ስንት አለዎት?» የሚለው ጥያቄ ላይ ነው። መጣ ስል ደግሞ ጋሽ ሰይድ ጋ ነው የመጣው።

ጋሽ ሰይድ ሐይቁ ላይ የሚከበሩ ሰው ናቸው። ሌላው መረብ የሚጥለው እሳቸው ከጣሉ በኋላ ነው ይባላል። ጥያቄዬን ሲሰሙ እጃቸው መረቡ ላይ ቆመ።

«አንቺ ልጅ፣ ልጅ ይቆጠራል እንዴ? አላህ የሰጠኝን ያህል አለኝ ብለሽ ጻፊ።»

ለትምህርት እንደሆነ ባስረዳቸውም፣ ለትምህርትም ቢሆን ከብትና ልጅ አይቆጠርም ብለው ደመደሙ። አልፈረድኩባቸውም፤ የእኔም አባት ንብ ቀፎውን እንኳ «ጥቂት ናት» ከማለት አልፎ ቆጥሮ አያውቅም። ወረቀቱ ጫፍ ላይ «አልመለሱም» ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ። እሳቸውን አይተው ሌሎች ሰባት ሰዎችም «እኛም እንደ ጋሽ ሰይድ» አሉ። ቤቴ ገብቼ መረጃውን ስሞላ በስምንቱም ሰዎች የልጅ ብዛት ላይ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ፣ ዘጠና ዘጠኝ፣ ዘጠና ዘጠኝ እያልኩ ሞላሁ።

ከዚያ ተጫንኩ። ዱቄቱ ወጣ። የአንድ የሐይቅ ዓሣ አጥማጅ አማካይ የልጅ ብዛት፣ አሥራ ሰባት ነጥብ አምስት ሦስት።

ትንሽ ደንገጥ ማለቴ አልቀረም። ግን ነጥብ አምስት ሦስት እኮ ነው! እንዲህ ያለ ጥንቃቄ እንዴት ይሳሳታል? ይልቅስ ምክንያቱን መፈለግ ጀመርኩ። የባዮሎጂ ሰው አይደለሁ? ስለ ዓሣ ፕሮቲንና ስለ ወንድ ልጅ ጉልበት ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ እንደዚያ ያማረልኝ የለም።

የጥናታችንን ውጤት መረጃውን ለሰጠው ሕዝብ አቅርቡ ተብለን ነበርና አንድ ረቡዕ ዓሣ አጥማጆቹን ዋርካው ሥር ሰበሰብኳቸው። ያልጠራኋቸው ሚስቶቻቸውም መጡ፤ ዓሣውን አጥበው ጠብሰው የሚሸጡት እነሱ ናቸውና፣ አንዳንዶቹ ቢላዋቸውን እንደያዙ ነበር። ጉሮሮዬን ጠራርጌ አማካዩን አነበብኩ።

 መጀመሪያ የተናገረው ከኋላ የተቀመጠ ጎረምሳ ነው፤ «ነጥብ አምስቱ ገና ያልተወለደው ይሆን?» ሲል ሳቅ ሆነ። ሳቁ ግን ከወንዶቹ በኩል ብቻ ነበር። የጋሽ ሰይድ ባለቤት እትዬ ዘይነባ ተነሡና ያነበብኩትን እንድደግመው ጠየቁኝ። ደገምኩት።

«የኔ ልጅ፣ እኔ የወለድኩለት ሰባት ነው» አሉኝ በቀስታ። «አሥሩን የት ነው ያስቀመጣቸው?»

አማካይ ማለት የእያንዳንዱ ማለት እንዳልሆነ ላስረዳ ሞከርኩ። ማን ይስማኝ! ሴቶቹ ከአሥራ ሰባቱ ላይ የወለዱትን ይቀንሱ ጀመር፤ አንዷ አሥራ ሦስት፣ አንዷ አሥራ አንድ ልጅ ጎደለባት። ባሎቹ ወላሂ እያሉ ይምላሉ። ያን ቀን ሐይቅ ከተማ ውስጥ እንደኔ ሂሳብ ያስተማረ የለም። እትዬ ዘይነባ ከሰው ጋር አልተጯጯኹም፤ እጃቸውን ታጠቡ፣ ሻርፓቸውን አስተካከሉና ባጃጅ ይዘው ወንድማቸው ቤት ገቡ። በማግሥቱ ጋሽ ሰይድ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ በሠላሳ ዓመቱ ቤቴን በወረቀት ፈታሽው» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ላፕቶፔን ተሸክሜ መምህሬ ፊት ቀረብኩ። ሰንጠረዡን አየና ከሁሉም ብዙ ልጅ ያለው ሰው ስንት እንዳለው ጠየቀኝ። ዘጠና ዘጠኝ፣ አልኩት። አንድ ሰው ዘጠና ዘጠኝ ልጅ አለው? ሲለኝ፣ «አይ፣ እሱ እንኳ ያልመለሱት...» ብዬ ጀመርኩና የራሴን ድምፅ ሰማሁት። መምህሬ አፉን በመዳፉ ሸፈነ። ለካ ያ «ግን» ይህ ኖሯል፦ ዘጠና ዘጠኝ ማለት መልስ የለም ማለት እንደሆነ ለሶፍትዌሩ መንገር ያስፈልጋል። ካልነገሩት ከየት ያውቃል? ምስኪን፣ ስምንት ሰዎች ዘጠና ዘጠኝ፣ ዘጠና ዘጠኝ ልጅ ወለዱ ብዬ ነገርኩት፤ አመነኝ። ትክክለኛው ምልክት ሲደረግበት አማካዩ አምስት ሆነ። ሁለቱ የፕሮቲን ገጾቼም በዚያው ሄዱ።

እሁድ ጠዋት ከጋሽ ሰይድ ጋር የእትዬ ዘይነባ ወንድም ቤት ሄድን። ወንድምየው ጋሽ እንድሪስ ራሳቸው ደጅ ላይ ተቀብለው አስገቡን። እኔ ስሕተቱ የኔ እንደሆነ፣ ጋሽ ሰይድ ምንም ቁጥር እንዳልነገሩኝ ተናገርኩ፤ «አልመለሱም» የሚለውን የእጅ ጽሑፌን አውጥቼ አሳየሁ። ከእፎይታዬ ብዛት ፈገግ ብዬ ነበር።

እትዬ ዘይነባ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። «ለምንድን ነው ያልመለሰው?» አሉ።

ልጅ አይቆጠርም ብለው ነው፣ አልኩ።

«እኔ ስወልድ ስቆጥር ኖሬያለሁ፤ ምንም አልሆንኩም። እሱም ይቁጠርልኝና ቤቴ እገባለሁ።»

ቀላል ነገር መሰለኝ። እንዲያውም «በሉ እንጂ ጋሼ» ብዬ ጎሸም አደረግኳቸው። ጋሽ ሰይድ ላብ በላብ ሆኑ። ቢስሚላህ ብለው ጣታቸውን ዘረጉና በስም ጀመሩ።

«ሰሚራ። መሐመድ። ፋጡማ። ይመር። ከድጃ። አህመድ። ሐዋ። ከማል።»

እኔም በልቤ አብሬ ስቆጥር ነበር። ስምንት። እንግዲህ አሁን ደግሞ የቱን ቁልፍ ተጭኜ ላጥፋው? ጋሽ እንድሪስ ድንገት ጣራውን ማየት ጀመሩ፤ እሳቸው ያውቁ ኖሯል ማለት ነው።

«በኩሬ መሐመድ ነው» አሉ እትዬ ዘይነባ። «ሰሚራ ማን ናት?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የጋሽ ሰይድ እውነት እስኪጠራ ሠላሳ ዓመት ፈጀ። እትዬን ሳያገቡ በፊት፣ በጉርምስናቸው፣ ቢስቲማ ከተማ አንዲት ሴት አግብተው ሳይስማሙ ተፋተው ኖሯል። ልጅቱ የዚያች ሴት ናት። ዛሬ ነገ እነግራታለሁ ሲሉ መሐመድ ተወለደ፤ ከዚያ ፋጡማ፤ ከዚያ መንገሩ ራሱ ከነገሩ ከበደ። የበኩር ልጃቸውን ዘልለው መቁጠር ደግሞ አልቻሉም። ሰውየው ልጅ አይቆጠርም ያሉት ፈሪሃ አላህ ብቻ ይዟቸው እንዳልነበር ያኔ ገባኝ።

እትዬ ዘይነባ ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱልኝ።  ከዚያ ልጅቱ አግብታ እንደሆነ ጠየቁ። አግብታለች፤ ሁለት ወልዳለች፣ አሉ ጋሽ ሰይድ አንገታቸውን ደፍተው።

«አያት ሆኜ ነው እንግዲህ ማንም ያልነገረኝ?» ብለው ጮኹ እትዬ። ሲጮኹ ያን ጊዜ ብቻ ነው የሰማኋቸው። «ለዐረፋ ከነልጆቿ ካላመጣሃት ደጄን አትርገጥ!»

ደጁ የራሳቸው የጋሽ ሰይድ ነበር፤ ግን ይህን ለማስታወስ የደፈረ አልነበረም። ለዐረፋ ሰሚራ መጣች። እኔም ተጠርቼ ነበር፤ ቁርጥ አባቷን ናት፣ እትዬ ዘይነባ ደግሞ ከሁለቱ ልጆቿ ታናሹን ከጭናቸው ሳያወርዱ ዋሉ። ጽሑፌንም አርሜ አቀረብኩ፤ ዓሣና የልጅ ብዛት ምንም ዝምድና የላቸውም ብዬ በትሕትና ደመደምኩ፤ ተመረቅሁም። ጋሽ ሰይድም ሰንጠረዡ ላይ መልስ ካልሰጡት ወጥተው «ስምንት» ተብለው ገቡ።

አንድ ነገር ብቻ አልተስተካከለም። ዛሬም ወረቀት ይዤ ወደ ሐይቁ ስወርድ ካዩኝ ዓሣ አጥማጆቹ በሙሉ ታንኳቸውን ወደ መሃል ይቀዝፋሉ። ሚስቶቻቸው ግን ወንበር ያወጡልኛል።