ለመታያ የቆመች ማኪና

ዕቃውን መሸጥ የማይወድ ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስመራ ውስጥ አንዱን አግኝቻለሁ። ተስፋይ ይባላል፤ በዋናው ጎዳና ላይ ባለ የማኪና መደብር ውስጥ ከረባቱን አስሮ ማኪና ሲወለውል ይውላል። ልጄን ልድር ሁለት ወር ሲቀረኝ ሄድኩና ከመስተዋቱ ኋላ የቆመችውን ቀይ ማኪና እንዲሸጥልኝ ጠየቅሁት።

«መምህር፣ መጀመሪያ ሻሂ ይጠጡ» አለኝ። ጠጣሁ።

«አሁንስ?»

«አይፋልን፣ አይሆንም! እሷ ለመታያ ናት። አመሻሽ ላይ ለሽርሽር የሚወጣው ሕዝብ ቆሞ የሚያየው እሷን ነው። እሷን ከሸጥኩ ገዢ ምን አይቶ ይገባል?»

«እኔ አይቼ ገባሁ እኮ!»

«አዩ? ሥራዋን ሠራች ማለት ነው።»

«እንግዲያው ሌላ አምጣልኝ።»

«ሌላ የለም። ምጽዋ መርከብ ሲገባ ይመለሱ።»

መርከቡ አልገባም፤ ልጄ ከሓዝሓዝ ሰፈር በጋሪ ተዳረች።

እኔም ሽርሽሬን አልተውኩም። ባለፈው ቅዳሜ ከመስተዋቱ ፊት ቆሜ ሳለ፣ አጠገቤ የነበረ አንድ የማላውቀው ሰው «ገብቼ ልግዛት እንዴ?» አለ። ሳላስበው እጅጌውን ጨምድጄ ያዝሁት።

«ተው ወንድሜ! እሷን ወስደህ እኛ ምን ልናይ ነው?»