ለካ አርባ ሦስት ሰው ደጄ ላይ አቁሜ ኖሯል!

ወገኖቼ፣ ሰው ሁለት እጁን ሂና ተለቅልቆ ይዋረዳል? እኔ ዛሬ ተዋረድኩ!

ጻፊ ሃያት። እንዳልኩሽ ጻፊ፣ እንዳታሳምሪው።

ጠዋት ሂና እየተቀባሁ ነበር። እስከ አንጓዬ። ሠርግ የለብኝም፣ ዒድም አይደለም። ግን የስልክ ግሩፔን የማስረክብበት ቀን ነው። በኦንላይን ሚቲንግ፣ በቪዲዮ! ከስንት አገር ሰው ሊያየኝ ነው። በባዶ እጄ ልታይ እንዴ?

ለማታውቁኝ፣ ሐሊማ ነኝ። የድሬ ልጅ፣ ሐርጌሳ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር የምኖር። ፊደል አልቆጠርኩም፣ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ሃያት ናት። ስንት ዓመት ሼክ ኑር ሰፈር እየተመላለስኩ የአገሬን ሴቶች ሳዋልድ ኖሬያለሁ።

አንድ ቀን የክሊኒክ ሰዎች መጡና "እማማ፣ ድምፅዎን ይስጡን" አሉኝ። ስልክ ላይ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። የሕፃን ክትባት ቀን ሲደርስ እናትየዋ ጋ ይደውላል። በአማርኛ "ነገ ልጅሽን ይዘሽ ነይ" የምትለው ሴትዮ እኔ ነኝ!

ሶፍትዌሩ ባለቤት የለውም። ነጻ ነው። ውስጡ ለሁሉም ክፍት ነው፣ የቻለ ገብቶ ያስተካክላል። ኦፕን ሶርስ ይሉታል። ነርሶቹም፣ እናቶቹም፣ ውጭ አገር ሆነው በነጻ የሚሠሩት ልጆችም የሚገናኙት አንድ ግሩፕ ላይ ነው። የአማርኛው ግሩፕ አድሚን ማን ነበር?

እኔ!

ከሃያት ጋር ማለቴ ነው። እሷ ጣት፣ እኔ አፍ።

አንድ ደንብ ነበረኝ፣ አንድ ብቻ። ግሩፕ ማለት ቤት ነው። ቤት የሚገባ ሰው ሰላም ይላል፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራል፣ ለምን እንደመጣ ይናገራል። በድምፅ ይላክልኝ፣ ሰምቼ አስገባለሁ። ሰላም የማይል ሳይፈቀድለት ደጅ ይቁም!

ምን አጠፋሁ? እናንተ ቤት ሰው ዘው ብሎ ይገባል?

ማሻአላህ ግሩፔ ንጹሕ ነበር። ስድብ የለ፣ ጫማ የሚሸጥበት የለ።

ግን ከወራት ወዲህ እናቶች እየደወሉ ያደርቁኝ ጀመር። "እማማ፣ በእርስዎ ድምፅ ነገ ነይ ተብዬ ሄድኩ፣ ክሊኒኩ ዝግ ነው!"

መቼ ነው የሄድሽው? ጁምዓ!

ጁምዓ! ሐርጌሳ ውስጥ ጁምዓ ክሊኒክ እንደማይከፈት ማን ይስተዋል? "ሐሙስ ተኝተሽ ቀርተሽ ነው! የኔ ድምፅ አይዋሽም!" እላቸዋለሁ።

ሼክ ኑር ያለችው ራህማ ከአገር ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ሁለት ጊዜ ልጇን አዝላ ጁምዓ ሄዳ ተመልሳለች። ልጁ የኩፍኙን ሳይወጋ ቀረ። እሷንም እንዲሁ ተቆጣኋት። አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ደውላ አታውቅም።

ጎረቤቴ አሻ ደግሞ ከረመዳን በፊት ጀምሮ ሰላም አትለኝም። አሻ የዚሁ አገር ልጅ ናት። ግን ያደገችው ድሬ ነው፣ አማርኛውን ከነፊደሉ ታውቀዋለች። ጦርነቱ ያፈረሰውን የአባቷን ቤት ልትሠራ ነው የተመለሰችው። አንዴ ፍየሌ ገና ባልደረቀ የሲሚንቶ ወለሏ ላይ ተራመደችበት። እሷም በድንጋይ ፍየሌን አነከሰችብኝ። ተጣላን፣ ታረቅን። ኮቴው እስከ ዛሬ ሳሎኗ ውስጥ አለ። ከታረቅን በኋላ ማኩረፍ ምን የሚሉት ነው?

አቦ፣ ወደ ሚቲንጉ!

አሥራ ምናምን ፊት ስልኩ ላይ ተደርድሯል። ተመሰገንኩ። ተጨበጨበልኝ። እኔ ሂናው እንዳይበላሽ ሁለት እጄን ወደ ላይ አንስቻለሁ። እጅ የሰጠ ወታደር መስያለሁ።

ተረካቢዋ ፎዚያ ናት፣ 31 ሜይ የሚባለው ሰፈር ያለው የእናቶች ክሊኒክ ነርስ። ጨዋ ልጅ ናት። እስከ ዛሬ ማለቴ ነው።

"እማማ ሐሊማ፣ ከመረከቤ በፊት ደጅ የቆሙትን አብረን ብናያቸው?" አለች።

"እይ! ሰላም የማይሉ ስዶች ናቸው!"

ሰው ሁሉ እየሰማኝ ነው ያልኩት።

ከፈተችው። አንድ ሁለት ብላ መቁጠር ያዘች። ቆጠራዋ አላማረኝም።

"እማማ፣ አርባ ሦስት ሰው ነው። ሁሉም ሰላም ብለዋል።"

"በምን?"

"ጽፈው።"

ጽፈው!

"አንብቢው!" አልኳት። ምን ቀዥቃዣ አደረገኝ? እኔው ነኝ አንብቢ ያልኩት!

"አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላህ፣ እናታችን እንደምን አሉ፣ የከማል ልጅ ነኝ፣ የመጣሁት የድምፁን ጥራት ላስተካክል ነው..." ሌላውም እንዲሁ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። ደንቤን አንድ ሳያጎድሉ! አንዱማ የጉልበቴን ሕመም ሳይቀር ጠይቋል።

ፎዚያ ቀጠለች። "አሕመድ ነኝ፣ ከጅቡቲ፣ የሐሊማ ልጅ..."

የራሴ ልጅ! የሃያት አባት!

ዞሬ ሃያትን አየኋት። "አያቴ፣ ነግሬሽ ነበር እኮ። 'ጽፈዋል' ስልሽ 'አፍ የላቸውም?' አልሽኝ።" ይሄን አትጻፊው ብያታለሁ። ይኸው ጻፈችው።

ሬሳ ያደረገኝ ግን ከዚያ የመጣው ነው። ከስምንት ወር በፊት የተላከ።

"አሰላሙ አለይኩም ሐሊማ። አሻ ነኝ፣ የአብዲ ልጅ፣ ካንቺ ቤት ቀጥሎ ያለሁት። የመጣሁበት ጉዳይ፣ ለልጅ ልጄ ክትባት የኔ ስልክ በሱማሊኛ ይጠራል፣ የምራቴ በአማርኛ። የሷ ጁምዓ ቀን ወደ ክሊኒክ ጠራት። አስተያይቼ አየሁት። አማርኛው መጀመሪያ የተሠራው ለኢትዮጵያ ስለሆነ እሁድን ይዘላል፣ ጁምዓን አይዘልም። እናቶቹ በዝግ ቀን እየተጠሩ ነው። ለሚሠሩት ልጆች ንገሪልኝ።"

ሱብሃነላህ።

ሁለተኛም ጽፋለች። "ሐሊማ፣ ያላስገባሽኝ በፍየሏ ነገር ከሆነ፣ ለአላህ ብለሽ አፉ በይኝ።"

ፊቴን ልሸፍን ፈለግኩ። እጄ ሂና ነው! ስልኩን ልዘጋ ፈለግኩ። ሂና! "ሃያት ዝጊው! ገደለችኝ ይቺ ልጅ!" አልኩ። ማይኩ ክፍት ነው። ሁሉም ሰማ፣ ፎዚያም ሰማች።

ውጭ አገር ያለ አንድ ልጅ ጉሮሮውን ጠራርጎ "ኦ፣ ይሄማ ቀላል ነው" አለ። ወላሂ ሂናዬ ሳይደርቅ አስተካክሎ ጨረሰው! ስንት እናት በፀሐይ ልጅ ተሸክማ የተንከራተተችበትን!

ቱግ አልኩ። "ይሄን ያህል ቀላል ከሆነ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?"

"እማማ፣ እኛ ያለንበት ጁምዓ የሥራ ቀን ነው። እዚያ ያለ ሰው ካልነገረን በምን እናውቃለን?"

እዚያ ያለው ሰው የት ነበር? ደጄ ላይ!

እስቲ ንገሩኝ፣ አሁን ማን ላይ ልቆጣ? ጽፈው ሰላም የሚሉት ላይ? ሃያት ላይ? አሻ ላይ ልቆጣ ብዬ ሞክሬ ነበር። ግንብ ለግንብ ተያይዘን ስንኖር በአጥሩ በኩል ብትጮህልኝ ምን ነበረበት? ግን ሁለት ጊዜ ደጅ ያስቆምኳትን ሴት በአጥር ለምን አልጮህሽም ይባላል? አይባልም። ይሄም ያናድዳል!

ማስረከቡ ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አንዲት ነካ ማድረግ። ሃያት በጣቷ ነካ አደረገችው፣ አለቀ። ያ ሁሉ ሂና ለዚህ!

ፎዚያ አርባ ሦስቱንም በአንዴ አስገባቻቸው።

"ሳታናግሪያቸው?" አልኩ፣ አመሌ አይለቀኝም።

"ተናግረዋል እኮ፣ እማማ።"

"እሺ። ግን ደንቡን አትጣይው። ሰላም ይበሉ። የጻፈውም እንደተናገረ ይቆጠርለት።"

ሂናዬን ታጥቤ ራህማ ጋ አስደወልኩ። ሂናው ደግሞ በጣም ቀላ! "ልጄ፣ እውነቱ ያንቺ ነው። ድምፄ ዋሽቷል። ቅዳሜ እኔው መጥቼ ልጁን አብረን እንወስደዋለን" አልኳት።

እሷም "እማማ፣ ቅዳሜ... እርግጠኛ ነዎት?" አለችኝ።

ትጠይቀኝ! መብቷ ነው!

እናንተስ ስልካችሁን አይታችኋል? ደጅ ያስቆማችሁት ሰው የለም? እኔ ላይ ብቻ ነው የምትስቁት?

ይሄን እያስጻፍኩ የቆርቆሮው በር ተንኳኳ። እዚህ ሰፈር የኔን በር የሚያንኳኳ የለም፣ አሻም ከመኳረፋችን በፊት ገፍታ ነበር የምትገባው።

"ማነው?" አልኩ።

ከውጭ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ፣

"አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላህ! አሻ ነኝ፣ የአብዲ ልጅ፣ ከግንቡ ወዲያ! ስልኬ 'ተፈቅዶልሻል' ስላለኝ ነው የመጣሁት። ይኸው ዛሬ በድምፄ ነው! ልግባ ወይስ መጀመሪያ ፍየሏ ትስማማ?"