በሰው መብራት ቸር የሆኑት አቶ ማህጁብ

በየትኛውም ከተማ፣ በየትኛውም ሰፈር በሰው ዕቃ ቸር የሆነ አንድ ሰው አይጠፋም። የራሱን ሲሰጥ አይታችሁት አታውቁም፤ የራሱ የሚባለውን ድሮ ሰጥቶ ጨርሶታልና። የእናንተን ግን በሙሉ ልቡ፣ በፈገግታ፣ እየመረቀ ይሰጣል። ተቀባዩም አመስግኖ የሚሄደው እሱን ነው። እናንተ መሰላላችሁን ፍለጋ ወጥታችሁ ሰው ጣሪያ ላይ ተደግፎ ስታገኙት፣ እንዴት እንደሆነ ሳይገባችሁ ይቅርታ ጠይቃችሁ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ።

የእኛ የአሶሳዎቹ ክቡር አቶ ማህጁብ ናቸው። ያኔ «አዲሱ ክልል» መባላችን ገና አልቀረም ነበር። ግማሹ ቢሮ የሰው ሳሎን ተከራይቶ ይሠራል፣ ከኃላፊዎቹም አብዛኞቹ «ተጠባባቂ» ናቸው። እኔ ከደሴ ተመድቤ የመጣሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። አቶ ማህጁብ ደግሞ ከሱዳን በኩርሙክ በኩል የሚገባ ሽቶ፣ ፔርሙስና የፕላስቲክ ጫማ የሚሸጡባት ሱቅ አለቻቸው። የሰፈራችን ብቸኛ ስልክ ያለውም እዚያው ነው። ማንም ሳይሾማቸው የሰፈሩ ንብረት ክፍል ተጠባባቂ ኃላፊ ሆነው ያገለግሉ ነበር።

በመጣሁ በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋዬ የለም። ቤቱ አለ፣ አንሶላው ተጣጥፎ ወንበር ላይ አለ፣ አልጋው የለም። ደንግጬ ስወጣ አቶ ማህጁብ ሱቃቸው ደጃፍ ቆመዋል።

«ኡስታዝ፣ ጎረቤት ቤት እንግዳ መጣ፣ ሽማግሌ ነው» አሉኝ። «ዛሬ ይሄ አልጋ ትፈልጋለህ?»

ይህቺ ጥያቄ የታወቀችው ጥያቄያቸው ናት። ሁልጊዜ የምትጠየቀው ዕቃው ከሄደ በኋላ ነው። አልፈልግም አልኩ። ለምን እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። ከዚያ በኋላማ የማላውቀው ሰው ሠርግ ላይ ተጠርቼ፣ ሙሽራው ገብቶ ሲቀመጥ የለበሰው ሱፍ የእኔ መሆኑን አወቅኩ። እጅጌው ትንሽ አጥሮታል። ከሁሉም ጋር አጨበጨብኩ፤ ምን ላደርግ እችላለሁ?

እንግዲህ እኚህ ሰው ባሉበት ሰፈር ነው መኪና የገዛሁት።

አንድ ነጋዴ ከአዲስ አበባ ሦስት አሮጌ መኪኖች ይዞ መጣ። ስሪታቸውም ቀለማቸውም አንድ ነው፣ ሦስቱም ዜኖን የሚባለው ነጭ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ የፊት መብራት አላቸው። አንዷን እኔና ባለቤቴ ብርሃነሽ ያለ የሌለ ጥሪታችንን አሟጠን ገዛን። ሁለተኛዋን የወፍጮ ቤቷ ኢቲዳል፣ ሦስተኛዋን የገቢዎቹ ሙሉጌታ ወሰዱ። ብርሃነሽ የምታስተምረው ባምባሲ ስለሆነ፣ ዓርብ ዓርብ እያመጣሁ ሰኞ ሰኞ መመለስ የእኔ ሥራ ሆነ።

አንድ ሰኞ ብርሃነሽን አድርሼ ከአቶ ማህጁብ ጋር ስንመለስ፣ ልክ ዓይን ያዝ ሲያደርግ የግራው መብራት ወደ ሐምራዊ ተቀየረ። ተንቀጠቀጠና ድርግም አለ። እኔም ማንም ሰው እንደሚያደርገው ሁለቱንም እጄን አንስቼ ራሴን ያዝኩ። መኪናዋ ብቻዋን ሄዳ ቦይ ውስጥ ገባች።

አቶ ማህጁብ ወደ ጎን እንዳዘነበሉ፣ በእርጋታ «ኡስታዝ፣ መብራት ነው የጠፋው» አሉኝ። «መሪ አለ።»

በማግሥቱ ጋራዥ ሄድን። አቶ ማህጁብ ሳይጠሩ ተገኝተው መጀመሪያ ባትሪው ነው አሉ። ባትሪው ደኅና ነበር። ቀጥለው ፊውዙ ነው አሉ። እሱም ደኅና። የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን ብዙም ሳያወራ የግራውን አምፖል ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወረ። ችግሩ አምፖሉን ተከትሎ ከሄደ አምፖሉ ነው፣ እዚያው ከቀረ ግን ባላስቱ ነው አለን። ባላስት ማለት ከመብራቱ ሥር የምትታሰር፣ ኤሌክትሪኩን ከፍ አድርጋ ለአምፖሉ የምትልክ ትንሽ ሳጥን ናት። የአምፖሉን መስታወት በእጅ መንካት ክልክል ነው ብሎ ሳይጨርስ አቶ ማህጁብ ቦምቦሊኖ በበሉበት እጃቸው አንስተው ያገላብጡት ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ ሲጮህ ደንግጠው ጠረጉት፤ የጠረጉበት የእኔ ክራቫት ነው። ቀጥለው ለማገዝ ብለው ውስጥ ገብተው መብራቱን አበሩት። የእኔ እጅ ገና ኮፈኑ ሥር ነበረ። አንድ ነገር ጧ አለ፣ ብልጭታ አየሁ፣ ራሴን ጭቃ ላይ ተቀምጬ አገኘሁት።

«የቀኝ ይሠራል» አሉ አቶ ማህጁብ በመስኮት ብቅ ብለው።

የሞተው ባላስቱ ሆኖ ተገኘ። አሶሳ ውስጥ አይሸጥም፣ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ደግሞ ማንም አያውቅም። እኔ ተስፋ ስቆርጥ አቶ ማህጁብ ግን ፊታቸው በርቷል። ከግራ ወደ ቀኝ ማዛወር የሚባለው ነገር እንደ አዲስ ትምህርት ገብቷቸዋል። አንድ ዕቃ ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ ከቻለ፣ ከአንድ መኪና ወደ ሌላ መኪና እንዳይሄድ ማን ከለከለው? «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» ብለው ወጡ። ሲመለሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ባላስት ይዘዋል። ተገጠመ፣ በራ። ከየት አመጡት ብዬ አልጠየቅኩም፤ መጠየቅ ነበረብኝ።

ቅዳሜ ገበያ ኢቲዳል አስቆመችኝ። ረጋ ያለች ሴት ናት፣ ስታወራ አትቸኩልም።

«መምህር፣ መብራቱ ደኅና ነው?»

«በጣም ደኅና ነው፤ እንዴት አወቅሽ?»

«የእኔ ነዋ» አለችኝ። ዞር ብዬ መኪናዋን ሳያት የግራ መብራቷ ሥር ባዶ ነው። የምገባበት ጠፋኝ። አሁኑኑ ፈትቼ ካልመለስኩ ብዬ ካቻቢቴ ፍለጋ ኪሴን ስደባብስ እሷ ሳቀች። «ተወው፣ እኔ እስከ ሐሙስ የማታ መንገድ የለኝም። ማህጁብ ጠይቆኝ ነበር» አለች። ትንሽ አሰብ አድርጋ «ከወሰደው በኋላ ማለቴ ነው» ብላ ጨመረች።

በዚህ ሁኔታ የሦስት መኪና መብራት በአቶ ማህጁብ አስተዳደር ሥር ዋለ። ማን መቼ በምሽት እንደሚነዳ ከራሳችን በላይ ያውቃሉ። አንድ ቀን ጠዋት ጥርሴን እየፋቅኩ ስወጣ ኮፈኔ ተከፍቶ፣ የአቶ ማህጁብ የታችኛው ግማሽ ብቻ ይታያል። የመኪናዬ የኮፈን ማንሻ ስለተሰበረ በሽቦ ከውጭ እንደምትከፈት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ምን እያደረጉ ነው?» ብዬ ጮህኩ፤ የጥርስ ሳሙናው ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ።

«ሙሉጌታ ዛሬ ባምባሲ ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «አንተ ማታ ፈተና ያርማል። ፈተና በመኪና መብራት ያርማል እንዴ?»

ሳሙናውን ጠርጌ ገባሁ። ሙሉጌታ ራሱ ማታ ከባምባሲ ሲመለስ መጥቶ «ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ እኔም የሰማሁት ከተገጠመ በኋላ ነው» ብሎኝ ሄደ።

ይህን ሁሉ የቻልኩት ብርሃነሽ እስክታረግዝ ድረስ ነው። ወሯ እየገፋ ሲሄድ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። ፈተና ሳይጠናቀቅ ተማሪዎቼን ጥዬ አልመጣም ብላ ባምባሲ ቀርታለች። ክረምቱ ገብቷል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሲመሽ ጉም ይወርዳል። ምጥ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ ደግሞ ማን ያውቃል? ያለ መብራት ብጠራስ? የእኔ ባላስት ኢቲዳል ጋ፣ የኢቲዳል ሙሉጌታ ጋ ሲዞር የእኔ ልጅ መንገድ ላይ ሊወለድ ነው? እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። አዲስ አበባ ያለ ዘመዴን ለምኜ አዲስ ባላስት በአውቶቡስ አስመጣሁ። አስገጠምኩና ኮፈኑን በሰንሰለት ጠፍሬ ጓጉንቸር ቁልፍ አንጠለጠልኩበት።

አቶ ማህጁብ መጥተው ቁልፉን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ኡስታዝ» አሉኝ በሐዘን፣ «መኪና ታሰረ? ምን አጠፋ?»

«ብርሃነሽ እስክትወልድ ማንም አይነካትም» አልኳቸው። «እርስዎም ቢሆኑ።»

«ኢንሻአላህ» አሉና ሄዱ። እሺ ያሉኝ መስሎኝ ነበር።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሲዘንብ ዋለ። ክፍለ ጊዜዬን ጨርሼ ወደ ቤት ስደርስ ሰንሰለቱ ተቆርጦ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ኮፈኑን ብድግ ሳደርገው የግራው ባላስት የለም። የቀኙም የለም። ሁለቱም! ሽቦዎቹ ብቻ ተንጠልጥለው ቀርተዋል። ዝናቡ ውስጥ ሌባ፣ ሌባ እያልኩ ወደ ሱቁ ሮጥኩ።

አቶ ማህጁብ ለአንዲት ሴት ፔርሙስ እያሳዩ ነበር። ሴትየዋን ሸኙና በርጩማ ሳቡልኝ።

«ተቀመጥ ኡስታዝ።»

«አልቀመጥም! መብራቴ የት ነው?»

«ባምባሲ። ኢቲዳል መኪና ላይ ነው። የእሱ መብራት አንድ ሞተ፣ አንድ ይንቀጠቀጣል። ያንተ ሁለቱም ጎበዝ ነው።» ለአቶ ማህጁብ ሴትም ወንድም «እሱ» ነው። «ኢቲዳል ብርሃነሽን ሊያመጣ ሄደ። ምጥ መጣ።»

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ከባምባሲ ጤና ጣቢያ አዋላጇ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ወደ ሱቁ ደውላ፣ ምጡ ጠንክሯል፣ ወደ አሶሳ ሆስፒታል ብትመጣ ይሻላል ብላ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ክፍል ውስጥ ቆሜ ስለ ዝናብ ዓይነቶች አስተምራለሁ። ትምህርት ቤቱ ከሱቁ በእግር ቅርብ ነው።

«እና ለምን አልጠሩኝም?» ብዬ ጮህኩ። «ሚስቴ ናት እኮ! ልጄ ነው!»

አቶ ማህጁብ እንደዚያ ቀን ቃል ሲመርጡ አይቻቸው አላውቅም።

«ኡስታዝ፣ አንተ ጥሩ ሰው ነው። ወላሂ ጥሩ ሰው ነው። ግን አንተ ሲደነግጥ መሪ ይለቃል።» ፔርሙሱን መደርደሪያው ላይ መለሱ። «ዛሬ ውስጡ ብርሃነሽ አለ። ብነግርህ አንተ ይነዳል። መዓሌሽ፣ ይቅር በል።»

ተናደድኩ፣ በጣም ተናደድኩ። ግን ያ ቦይ ትዝ አለኝ።

ሱቁን ዘግተው ወደ ከተማው መግቢያ ወረድንና አንድ የማንጎ ዛፍ ሥር ቆምን። ጨለምለም ማለት ጀምሯል። ከሩቅ አንድ መብራት ብቻ ብቅ አለ። አንዱ ጠፍቶባት ነው ብዬ የአቶ ማህጁብን ክንድ ጨመደድኩ፤ ሞተር ሳይክል ሆኖ አለፈን። ቀጥሎ ሁለት ቢጫ መጣ፣ ጭነት መኪና ነው። ከዚያ ምንም የለም። ዝናብ ብቻ። በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁበት ጊዜ የለም፣ ለአቶ ማህጁብም ፈራሁ አልኳቸው። እሳቸው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ እየጸለዩ ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ነጭ መብራት ወጣ። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ዝናቡን ክር በክር የሚያሳይ። ኢቲዳል ከእኛ ጋ አልቆመችም፤ ጭቃውን ከእግር እስከ ራሳችን ረጭታብን ቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ነዳች። ደግ አደረገች። እኛም ተከትለን ሮጥን።

ስንደርስ ብርሃነሽን አስገብተዋታል። ኢቲዳል ኮሪደሩ ላይ የመኪናዋን ቁልፍ ይዛ ተቀምጣለች፤ የእጇ አንጓ ላይ የጥፍር ምልክት አለ።

«ሁለት ቦታ አስቸገረን» አለችኝ። «አንዱ ጋ ጉም ነበር። ሌላው ጋ ሚስትህ እጄን ያዘችኝ። በአንድ እጄ ነዳሁ።»

ላመሰግናት ፈልጌ አለቀስኩ። እሷም ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞር አለችልኝ።

ስንጠብቅ ቆየን። ነርሷ ብቅ ብላ ሴት ልጅ ናት፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው ስትል ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። አቶ ማህጁብ በእኔ ፈንታ ተነሥተው አልሐምዱሊላህ አሉ። በዚያው ትንፋሽ ወደ ኢቲዳል ዞረው «ስሙን አንተ ያወጣል» አሏት። ገና ያላየኋትን ልጄን ስም! ኢቲዳልም እግዜር ይስጥልኝ ብላ የተቀበለችው ከእሳቸው ነው። ደንግጬ አፌን ስከፍት፣ ወንበሩ ላይ ያሳረፍኩት ጃኬቴ ከአጠገቤ የለም። በሩ ጋ የቆመው የማላውቀው ዘበኛ ለብሶት የደረቱን ቁልፍ ይቆልፋል።

«ኡስታዝ፣ ዛሬ ይሄ ጃኬት ትፈልጋለህ?»

አልፈልግም አልኳቸው። ሸሚዜ እርጥብ ነበርና ያንቀጠቅጠኝ ጀመር። አቶ ማህጁብ አይተውኝ ተነሡ፣ በኮሪደሩ ወደ ውስጥ ገብተው ጠፉ። ሲመለሱ ደረቅ ጋቢ ይዘዋል፤ ትከሻዬ ላይ ደርበውልኝ አጠገቤ ተቀመጡ። ጋቢው የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።