ቪጋንን የሚያውቅ ሰው

ቤቱ ተቀምጦ ዓለምን የዞረ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በኮሮና ጊዜ አንዱን አግኝቻለሁ። ወንድም ታምራት ይባላል፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ ውስጥ ከእኛ ሱቅ አጠገብ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ አለው። ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ እሱ በስልኩ ፊሊፒንስ ገባ። ቪጋን የምትባል አሮጌ ከተማ አግኝቶ የድንጋይ መንገዷን፣ የፈረስ ጋሪዎቿን፣ የደወል ማማዋን፣ የሸክላ ሠሪዎቿን ምድጃ ሳይቀር አጠና። ደንበኛ ዳቦ ሲጠይቀው "ቆይ፣ ከጋሪው ልውረድ" ይል ነበር። መቼስ ጋሪ በሞላባት በሆሳዕና ከተማ ላደገ ልጅ ስለ ጋሪ አይወራለትም፤ የቪጋን ፈረሶችን አረማመድ እንኳ ያርም ነበር።

ባለቤቴ በዚያው በሽታ ሲሞት እኔም ተኝቼ ስለነበር ቀብሩ ላይ አልቆምኩም። ሲሻለኝ መቃብሩን ሳላይ አልቀመጥም አልኩ። መኪና ያለው ደግሞ ታምራት ነው።

"እህቴ፣ እዚህ እየኖርኩ የመቃብር ቦታው በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አላውቅም" አለኝ።

"ቪጋን ውስጥ ግን ጠፍተህ አታውቅም። ተነስ።"

ተነሳ። መንገደኛ እየጠየቅን ደረስን። አፈሩ አጠገብ ቆሜ አልቅሼ ቀና ስል፣ ታምራት ስልኩን አውጥቶ እየቀረጸ ነው። አፍሮ ወደ ኪሱ ሊመልሰው ሲል እጁን ያዝኩት።

"ተው፣ ቅረጽ" አልኩት። "እንዲያውም ተመለስና ከበሩ ጀምር። መንገዱን ቀስ ብለህ አሳይ። አገር ቤት ያሉት የባለቤቴ እናት ልጃቸው ዘንድ የሚመጡት በዚሁ ስልክ ነው።"