የዳክታሪ አሰግድ ጣሳና ፀጉራሙ ባክቴሪያ

ሐኪም የሌለበት ሰፈር ሞልቷል፤ ሐኪም ነኝ ባይ የሌለበት ሰፈር ግን እስካሁን አልተገኘም። ኬንያ ሞያሌ ላይ ይህን ማዕረግ ማንም ሳይሾማቸው የያዙት የሆቴል ባለቤቱ ክቡር ዳክታሪ አሰግድ ናቸው። "ዳክታሪ"፣ በስዋሂሊ ሐኪም፣ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ቦዳቦዳ የሚባሉት የሞተር ታክሲ ነጂዎች ናቸው። ለቀልድ ነበር፤ እሳቸው ግን አምነው ተቀበሉት።

ሕክምናቸው እንዲህ ነው። ወደ ናይሮቢ የሚያልፍ ሹፌር ያመዋል፣ ካፕሱል ይገዛል፣ ትንሽ ሲሻለው የቀረውን "ለሌላ ሰው ይሁን" ብሎ ባንኮኒው ላይ ትቶ ይሄዳል። ዳክታሪ በባዶ የወተት ጣሳ ያጠራቅሙታል። ለሚቀጥለው በሽተኛ ከዚያ ቀይና ቢጫውን፣ ሰማያዊውን፣ ነጩን እያማረጡ ይሰጣሉ። ሆድ ቁርጠትም ይሁን የጥርስ ሕመም መልሳቸው አንድ ነው፤ "ለእኔ ተዉት።" አንዴ ቡሌ የሚባል የዳበል መንደር ሰው ዓይኗ የታመመ ፍየል ይዞ ቢመጣ እንኳ አላፈሩም፤ ካፕሱሉን ከፍተው ዱቄቱን ነሰነሱባት። ፍየሏ ዳነች። ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻላቸው!

ባለቤታቸው እታለማሁ ሌላ ዓይነት ሰው ነበሩ። ምግብ አቅርበው ከእንግዳው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ሹፌሩ ምንም ቢቸኩል "እስክትጨርስ አልነሳም" ይሉታል፤ ሳህኑ ካልጸዳም በእውነት አይነሱም።

የእታለማሁ የእህት ልጅ ማኅደር ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ያ ጣሳ እንቅልፍ ይነሳት ነበር። አንድ ቀን ስልኳን አውጥታ ለዳክታሪ በማይክሮስኮፕ የተቀረጸ የባክቴሪያ ቪዲዮ አሳየቻቸው። ባክቴሪያው ከገላው ላይ ስስ ፀጉር ይዘረጋል፤ ጫፉን አንድ ነገር ላይ ያጣብቅና ፀጉሩን መልሶ ሲሰበስብ ራሱ ወደፊት ይሳባል። እግር የለውማ፣ የሚሄደው እንዲህ ነው። ቀጥሎ ሌላ ፀጉር ሰደደ፤ ከሞተ ጎረቤቱ የፈሰሰውን ዲኤንኤ ያዘና ወደ ውስጡ ጎተተው። ሟቹ መድኃኒት የሚቋቋምበት ብልሃት ከነበረው ብልሃቱ ለወሰደው ሊተርፍ እንደሚችል፣ የተጀመረ መድኃኒት ሲቋረጥም ደካሞቹ ሞተው ለብርቱዎቹ ሜዳው እንደሚለቀቅላቸው አስረዳቻቸው። ዳክታሪ እስኪያስላቸው ሳቁ። ፀጉር ካበቀለ ፀጉር አስተካካዩ ጎልቻ ጋ ይሂድ አሉ። ሰንብተውም ደንበኛውን ሁሉ በዚህች ቀልድ አሳቁ።

ከዚያ በእታለማሁ እግር ላይ የፈላ ዘይት ፈሰሰ። ማኅደር ለሥልጠና ማርሳቢት ሄዳ ነበር። ዳክታሪ "ለእኔ ተዉት" አሉ። ቀይና ቢጫውን ሰጧቸው፤ ሲያልቅ ሰማያዊውን፤ እሱም ሲያልቅ ነጩን። ማኅደር ተመልሳ ፋሻውን ስትፈታ ሽታው ነገሩን ነገራት። ሆስፒታል ቢገቡም የተሰጣቸው መድኃኒት ሁሉ ቁስሉን አልበገረውም። ያ ፀጉራም ከየትኛው ሟች ምን እንደወረሰ ማን ያውቃል? እታለማሁ አረፉ።

ለቀስተኛው በስዋሂሊ "ፖሌ"፣ አይዞዎት፣ እያለ የዳክታሪን እጅ ጨብጦ ሄደ። ማኅደር ውስጧ በግኖ ነበር፤ ልትናገራቸው ያሰበችው ብዙ ነው። ጓሮ ብቻቸውን ተቀምጠው ስታገኛቸው ግን ሁሉን ትታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ቀና ሳይሉ ያንን ፀጉራሙን እንድታሳያቸው ለመኗት። ደጋግመው አዩት።

"ከሞተው ላይ ነው የሚወስደው ያልሽኝ?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"እኔ ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያት ኖሬ ከእሷ ምን ወሰድኩ..." አሉ። ጣሳውን አንስተው ሰጧት፤ ክሊኒክ ወስዳ አስወገደችው።

በቅርቡ ዮፍታሄ የሚባል ሹፌር እዚያው ክሊኒክ ታክሞ፣ ጉዞ ሲጀምር የቀረውን ካፕሱል እንደ ልማዱ ባንኮኒው ላይ አኖረ። ዳክታሪ መልሰው ኪሱ ከተቱለት፤ ስልክ ቁጥሩንም ተቀበሉት። በማግስቱ አመሻሽ ላይ ማኅደር ስትገባ እታለማሁ ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ላይ ሆነው ሲደውሉ አገኘቻቸው። ዮፍታሄ ኢሲዮሎ ደርሷል፤ ድኛለሁ፣ ምን ያደርግልኛል እያለ ይከራከራል። ዳክታሪ አልተቆጡም። ከፊታቸው እንዳለ እንግዳ ለስለስ ብለው መለሱለት።

"ውሃ ያዝ። በል ዋጠው፣ ልጄ። እስክትጨርስ አልነሳም።"

ማኅደር በሩ ላይ ቆማ እንባዋን ጠረገች። የማን አባባል እንደሆነ አልነገረቻቸውም።