ችግሩ ማሳው ነው

መኪና ይፈራል ብል ትስቁብኛላችሁ። ግድ የለም፣ ሳቁ። እኔ ግን አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት መኪና ስትፈራ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ እንዲያውም የእንጀራዬ ግማሽ የሚወጣው ከእሷ ፍርሃት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ማርሹን የሚቀይርላት ሹፌሩ ሳይሆን አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ናት። ይቺ ኮምፒውተር ዓይን የላትም። መኪናዋ ምን ያህል እንደምትሮጥ፣ ዘይቱ ምን ያህል እንደሞቀ፣ ሁሉንም የምትሰማው በሽቦ ነው። በሽቦ የሚመጣው ወሬ እርስ በርሱ ሲጋጭባት ማንን ማመን እንዳለባት ይጠፋትና አንድ ማርሽ ላይ ሙጭጭ ብላ ትቀራለች። ወደ ላይም አትል፣ ወደ ታችም አትል። የጥገና መጽሐፉ ይህን «ራስን የመጠበቅ ሁኔታ» ይለዋል። እኛ ጋራዥ ውስጥ «ደንግጣለች» እንላለን።

ከብልሽት ሁሉ ይህን የምወደው የራሴን ባሕርይ ስለማይበት ሳይሆን አይቀርም። እኔ ያጠበቅሁትን ብሎን ተመልሼ ሳልነካ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። ጓደኞቼ «ጀማል ቤቱን ቆልፎ ሲወጣ መቆለፉን ጎረቤት ጠርቶ ያሳያል» እያሉ ያሙኛል። ውሸት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሳየሁት።

ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን ሐይቅ ከተማ ውስጥ አውቶማቲክ መኪኖች ብቅ ብቅ አሉ፤ እኔም ሽቧቸውን የምፈትሽ ሰው ሆንኩ። ለውጡን ተከትሎ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ የሩቅ ወሬ ነበር፤ በኋላ ከአምባሰል በኩል የከባድ መሣሪያው ድምፅ ራሱ መጣ። ያን ሰሞን ከተማው በሙሉ ደንግጦ ነበር ብል ትረዱኛላችሁ። አንዱ «ተመልሰዋል» ይላል፣ ሌላው «ጋራው ጀርባ ናቸው» ይላል፤ እኛ መሐል ቆመን አንሄድም፣ አንቀመጥም።

በመጨረሻ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ጓደኞቼ በጭነት መኪና ወደ ደሴ ሊወጡ ነበርና ቦታ ያዙልኝ። ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ስወጣ ጎረቤቴ እትዬ ዘሃራ በር ላይ ያዘችኝ።

«ጀማልዬ፣ ትላንት ደህና ነበረች፤ ዛሬ እየዘለለች ከአንድ ማርሽ አልወጣ አለችኝ። የደጃችንን ዳገት እንኳ እምቢ ብላለች» አለች። የምታወራው ባሏ ትቶላት ስለሄደው መኪና ነው። ባሏ አዲስ አበባ ይሠራል፤ እሷ እዚህ ሁለት ሴቶች ልጆቿንና የባሏን አባትና እናት ይዛ ቀርታለች። አምስት ሰው፣ አምስት ወንበር።

መኪናዋ ጋ ስንደርስ ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠዋል። አማቷ እማማ ፋጡማም አብረው ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አንዴ ከወጡ ወዲያ መውረድ አልፈለጉም።

«ከነእኔ ጠግናት» አሉኝ።

ባላቸው አባባ ይማም ግን ውጭ ቆመው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ ዳር አዙረዋል። እዚያ ጤፋቸው ቢጫ ሆኖ ለአጨዳ ደርሷል።

«እዩት ሰውዬውን» አሉ እማማ በመስኮቱ፤ «እኔን ሲያገባኝ እንኳ እንዲህ ቆሞ አላየኝም።»

መመርመሪያዬን ከሻንጣዬ አውጥቼ ሰካሁ። ኮምፒውተሯ ስሞታዋን ደረደረችው፤ የፍጥነቱ ሴንሰር አይሰማኝም፣ ይሄኛው የማርሽ መቀየሪያ አይመልስልኝም፣ ያኛውም እንደዚሁ። የቸኮለ ሰው ይህን አይቶ ካምቢዮው አለቀለት ይላል። እኔም ቸኩዬ ነበር፤ ግን ይህን ያህል ዕቃ በአንድ ሌሊት ተማክሮ አይሞትም። ሁሉም አንድ ላይ ከጠፉ የጠፋው የሚጋሩት ነገር ነው። የሚጋሩት ኤሌክትሪክ የሚመጣበትንና የሚመለስበትን ሽቦ ነው። የሚመጣበትን ለካሁ፤ ደህና ነው። ቀጥዬ ሞተሩን አስነስቼ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሚመለስበት ሽቦ ላይ አደረግሁ። ወደ ዜሮ መጠጋት የነበረበት ቁጥር ከፍ ዝቅ ይላል።

በዚህ መሐል አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪናው ጡሩንባ ነፋ። ደግሞ ነፋ። መልስ ልሰጥ ብድግ ስል አዲስ ድምፅ ከጋራው በኩል ፈነዳ፤ ሹፌሩም እኔን መጠበቁን ተወ። ሞተሩ እየራቀ ሲሄድ ሰማሁት። አሁን ይቺ መኪና ካልሄደች እኔም አልሄድም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኤሌክትሪክ የሚመለስበትን፣ ከመኪናው አካል ጋር በብሎን የሚታሰረውን ሽቦ እኛ በሙያችን «ማሳ» እንለዋለን። ቃሉ ከጣሊያን የመጣ ነው ይባላል፤ ገበሬ ከሚያርሰው ማሳ ጋር ዝምድና የለውም። ይህን ያን ቀን ማስረዳት አልታሰበኝም።

አባባ ይማም አጠገቤ መጥተው ጎንበስ ብለው ነበርና፣ ሳላያቸው «ችግሩ ማሳው ነው» አልኩ።

ቀና ስል ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ማን ነገረህ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ለክቼ ነው፣ አባባ።»

«ልብ በምን ይለካል?» አሉና ወደ ሴቶቹ ሰረቅ አድርገው አዩ። «ወላሂ ክፉ አስቤ አይደለም። እነሱ ያለ አንተ አንሄድም አሉ፤ እኔ ደግሞ የደረሰ ጤፍ ጥዬ በምን እግሬ ልሂድ? መፍቻ ይዤ እጄ የደረሰባትን አንዷን ብሎን አላላሁ። የምን ብሎን እንደሆነች እንኳ አላውቅም። ጥቂት ቢያቆያቸው ብዬ ነው። ይሄ የሚጮኸው ነገር እንዲህ ፈጥኖ ይቀርባል አላልኩም።»

እኔ የተናገርኩት ስለ ሽቦ፣ እሳቸው የሰሙት ስለ ጤፍ። ከሁለታችን ግን የተሳሳተ አልነበረም።

ብሎኑን ከባትሪው አጠገብ አገኘሁት። ጠርጌ አጠበቅሁ፣ ተመልሼ ነካሁ፣ ለካሁ፤ ቁጥሩ ዜሮ ጋ ተኛ። ስሞታውን ከኮምፒውተሯ አጥፍቼ እትዬ ዘሃራ ዳገቱን እንድትሞክር ነገርኳት። መኪናዋ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለች እንደ ቅቤ ወጣች። «አልሐምዱሊላህ» አለች ዘሃራ ተመልሳ ስትቆም። «በሉ አባባ፣ ይግቡ።»

አባባ ይማም አልገቡም። ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ መንገድ ላይ አትቆምም? እርግጠኛ ነህ?»

ሁሉም አየኝ። እርግጠኛ የሚለውን ቃል ስለ መኪና ተናግሬው አላውቅም። ብሎኑ ጠብቋል። ግን ሽቦው ውስጥ ያላየሁት ስንጥቅ ቢኖርስ? ሶኬቱ ውስጥ ዘይት ገብቶ ቢሆንስ?

«እርግጠኛ አይደለሁም» አልኩ። ይህን ያናገረኝ ጥንቃቄዬ ይሁን ወይስ መሄጃ ያጣው እግሬ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም።

«ሰማችሁ?» አሉ አባባ ይማም። «ዳገቱ መሐል ብትቆም እኔ ልግፋት? አብሯችሁ መሄድ ያለበት እሱ ነው። ወንበሩ ደግሞ አንድ ነው።» የፊተኛውን በር ከፍተው ትከሻዬን ይዘው አስገቡኝ።

«አባባ፣ ይሄማ አይሆንም» አለች ዘሃራ።

«ልጆቹን አውጪልኝ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ማን ይፈልገኛል?»

ድምፁ እንደገና መጣ፤ አሁን መሬቱም ተሰማው። ትንሿ ልጅ ማልቀስ ጀመረች። እማማ ፋጡማ ብዙ የሚሉ መስሎኝ ነበር። በመስኮቱ ነጠላቸውን አውልቀው ሰጧቸውና «ስታጭድ ወገብህን እሰርበት» ብቻ አሉ።

መንገዱን ምን ብዬ ልንገራችሁ? በእግሩ የሚሄደው ሕዝብ፣ ፍራሽ የተሸከመው፣ ከብት የሚነዳው፤ በዚያ ሁሉ መሐል መኪናዋ ማርሿን ስትቀይር አንዴም አልተንገራገጨችም። በሰው ወንበር ላይ ተቀምጬ የጠገንኳት መኪና እንድትቆም የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ፣ ለአፍታ፣ ወርጄ አንድ ሽቦ እንድነካ። አልቆመችም። ደሴን አልፈን፣ ኮምቦልቻን አልፈን አዲስ አበባ አደረሰችን።

ከዚያ የሐይቅ ስልክ ተቋረጠ። እማማ ፋጡማ የሚወጣላቸው ቃል ዱዓ ብቻ ሆነ፤ እኔም የእሳቸውን ዓይን እየሸሸሁ ከረምኩ። መስመሩ ተመልሶ አባባ ይማም ያነሱት ዕለት ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነበርን፤ ዘሃራ ድምፁን ለሁላችን ከፈተችው። ሴቶቹ አለቀሱ፣ ሳቁ፣ አለቀሱ።

«ጤፉስ?» አሉ እማማ።

«ሌላ በላው። ተይው» አሉ። ድምፃቸው ከስቶ ነበር። ቀጥለውም «ጀማል አለ?» ሲሉ ሰማሁ።

«አለሁ፣ አባባ።»

«መኪናዋ እንዴት ሆነች? መንገድ ላይ ቆመችባችሁ?»

ትክክለኛው መልስ አጭር ነበር፤ የነዳችው ሴትም ጎኔ ተቀምጣለች።

«አዎ» አልኩ። «ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ቆማ ነበር።»

«ይኸው!» አሉ፤ የከሳው ድምፅ ትንሽ ሥጋ ለበሰ። «አላልኳችሁም? እኔ ተቀምጬበት ቢሆን ልጆቼ መንገድ ላይ ቀርተው ነበር።»

ዘሃራ አየችኝ። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«ሦስት ጊዜ ነው፣ አባባ» አለች። «ጀማል አንዷን ረስቷታል።»